ደንገጎ፣ ሐኪም ጋራ ወይስ ዳካታ? ከድሬዳዋና ከሐረር ወዴት እንውጣ?

ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር የማይቀር ጥያቄ አለ። «እሺ፣ የት ልትወስደን ነው?» ድሬ ተወልጄ አድጌያለሁ። እናቴ የሐረር ልጅ ናት። የልጅነቴን ክረምት ግማሹን ያሳለፍኩት ጁገል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ አክስቴ ቤት ነው። ስለዚህ መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ሁሉንም ሰው ከሐረር አጠገብ ወዳለው ተራራ፣ ሐኪም ጋራ፣ እወስደው ነበር። አንዱ ደስ ብሎት ይመለሳል። ሌላው ፀሐይ አናቱን በልታው፣ «ይኼ ነው እንዴ?» እያለ ይመለሳል። ቦታው ያው፣ መንገዱም ያው።

ልዩነቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ደስ ብሎት የተመለሰው ማለዳ የወጣው ነው። ፀሐይ የበላችው እኩለ ቀን ላይ የሄደው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ መልሼ እጠይቀዋለሁ፤ «ስንት ሰዓት አላችሁ? ጠዋት ነው ማታ?» በኛ አገር መጀመሪያ የሚመረጠው ሰዓቱ ነው። ቦታው ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ለምን መሰላችሁ? ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ። ከሐረር በስተምዕራብ ያለው ተራራ፣ ጋራ ሙለታ፣ ደግሞ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ስምጥ ሸለቆው መሬቱን ሲሰነጥቀው የሰሜኑ ወገን ወደ ታች ወረደ፣ የደቡቡ ከፍ ብሎ ቀረ። እኛ የምንኖረው በዚያ ጠርዝ ላይና ከሥሩ ነው። ድሬ ላይ ሰው በላብ ተጠምቆ ሳለ ከላይዋ ባለው ደንገጎ ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ንፋስ ይነፍሳል። የቆላው ሙቀት አቧራውን ያነሳዋል፤ ቀኑ ሲጋመስ ሩቁ ሁሉ ነጭ ይሆናል። ጠዋት ጥርት ብሎ የታየ ተራራ ሰባት ሰዓት ላይ የለም።

ደንገጎ፦ አንድ ምሽት ብቻ ላለው

ከድሬ ወደ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያው ዳገት ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደንገጎ ይወጣል። ከመታጠፊያዎቹ በአንዱ ላይ ዞር ስትሉ ድሬ ከሥር ተዘርግታ ታገኟታላችሁ።

ደንገጎ የምሽት ቦታ ነው። ለ11 ሰዓት ተኩል ድረሱ፣ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ቆዩ። መጀመሪያ ደቻቱን ፈልጉት። አሸዋማው ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ፣ ከዚራን በአንድ ወገን መጋላን በሌላ ወገን አድርጎ ያልፋል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። ከላይ ስታዩት ግን ገደላገደሉ ሁሉ ወደዚያች አንዲት የአሸዋ መስመር እንደሚያዘነብል ይገባችኋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ሰው በተኛበት፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በዚሁ ወርዶ ነው ከተማዋን የመታት። ያን ሌሊት አልረሳውም። ጎረቤት አጥተናል። ስለዚህ እንግዳዬን መብራቱን ከማሳየቴ በፊት ደቻቱን አሳየዋለሁ።

መብራቱ ከዚያ ይመጣል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቦታ ብልጭ ይላል። ወዲያው ሰፈር በሰፈር ይቀጣጠላል። አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በግራና በቀኝ ያለው ሜዳ ጨለማ ስለሆነ ከተማዋ ብቻዋን ፍም መስላ ትቀራለች።

አሁን ስለ መኪና። በሚኒባስ ከሄዳችሁ መታጠፊያው ላይ አይቆምላችሁም፤ ይቁምም አትበሉት። ኮንትራት ያዙ። ባጃጅ በዚያ ዳገት አልመክርም። ሹፌሩ ሰፊ የመንገድ ዳር ያለበት ቦታ ላይ እንዲያቆም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንድ ጊዜ የኛ ሹፌር መታጠፊያው እምብርት ላይ አቆመና ፍሬኑ የሚጮህ የጭነት መኪና ከላይ መጣብን። የእህቴን ልጅ በክንዷ ጎትቼ ከአስፋልቱ ያወጣኋት ያኔ ነው። ካፊያ ካለ ወይም ጭጋግ ከወረደ አትሂዱ። በሐምሌና በነሐሴ ደንገጎ ብዙ ቀን ጉም ለብሶ ይውላል፤ አሥር ሜትር ፊት ለፊት አይታይም።

እናትና አባታችሁን፣ ጉልበቱ የሚያመውን፣ ነፍሰ ጡሯን ይዛችሁ ከሆነ ምርጫው ይኸው ነው። ከመኪና ወርዶ ማየት ብቻ ነው።

ጉዞውን ወደ ሐረር ለሚቀጥል ሐረማያ መንገድ ላይ ናት። ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ እንደነበር ያየ ሰው አሁን ውሃ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ዝናቡ ካለቀ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ወርዳችሁ ዳሩ ላይ ቁሙ። ወፎቹ ተመልሰዋል። ሐይቁ ለምን እንደደረቀ ሽማግሌዎቹን ብትጠይቁ መልሱ በዙሪያው ነው፤ ጫቱና አትክልቱ የሚጠጣው ውሃ፣ ከተማ የሚጠጣው ውሃ፣ ከተራራው ታጥቦ የገባው አፈር።

ሐኪም ጋራ፦ ገንዘብ የሌለው፣ እግር ያለው

ተማሪ ሆናችሁ፣ ብራችሁ ትንሽ ሆኖ፣ ጉልበታችሁ ደህና ከሆነ ሌላ አታስቡ። ሐኪም ጋራ ከሐረር በስተደቡብ ነው። በቡዳ በር ወይም በሰንጋ በር በኩል ወጥታችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከመንገዱ ከግማሽ በላይ ያለውን ባጃጅ ሊያወጣችሁ ይችላል፤ በእግር የሄደ ግን የበለጠ ያያል።

ከደንገጎ ጋር ሳወዳድረው ልዩነቱ ይኼ ነው። ደንገጎ ከተማን ከሩቅ ያሳያል፤ ሐኪም ጋራ ከተማን እንደ መዳፍ ያሳያል። ጁገል 48 ሄክታር ላይ የታጨቀች ናት። ግንቡ ዙሪያውን ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። 82 መስጊድ እዚያ ውስጥ አለ። ታች በመንገዶቹ መካከል ስትሄዱ ትጠፋላችሁ። ከሐኪም ጋራ ስታዩ ግን ግንቡ ዞሮ ሲገጥም፣ አምስቱ የጥንት በሮች የት የት እንደሆኑ፣ ከተማዋ ከግንቡ ውጪ በየት በኩል እንደፈሰሰች በአንድ ጊዜ ይታያል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የመዘገባት ለምን እንደሆነ ለእንግዳ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ፊታችሁን ወደ ምስራቅ ስትመልሱ ደግሞ የኤረር ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሥር ወደ ቡናማነት፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊነት እየተለወጠ።

ሰዓቱ ማለዳ ነው። 12 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ አንድ ሰዓት ሲሆን አናቱ ላይ ሁኑ። ፀሐይ ከጎን ስለምትመጣ የቤቱ ግድግዳ ሁሉ ጥላ ይጥላል፤ ጠባቦቹ መንገዶች እንደ መስመር ይወጣሉ። የቁርስ ጭስ ከየግቢው ይነሳል። ያን ሰዓት ካመለጣችሁት እስከ 10 ሰዓት ጠብቁ። በመሃል ያለው ጊዜ ለፎቶም ለአናትም አይሆንም።

ሁለት ነገር አደራ። ጋራው ስሙን ያገኘው ከአው ሐኪም ነው፤ መቃብራቸውና የሚዘየሩበት ቦታ እዚያ አለ። ሰው ለጸሎት ነው የሚመጣው። ሙዚቃ አትክፈቱ፣ ቀሚስና ሱሪያችሁ የሚሸፍን ይሁን፣ ከመግባታችሁ በፊት ያለውን ሰው ጠይቁ። ሌላው ጅብ ነው። ጋራው የጅቦቹ ቤት ነው። ማታ ወደ ከተማ የሚወርዱት፣ በግንቡ ውስጥ ለእነሱ በተተወው ቀዳዳ የሚገቡት እነዚሁ ናቸው። ሐረር ሰውና ጅብ ተስማምተው እንደሚኖሩ እውነት ነው፤ እኔም አክስቴ ደጃፍ ላይ አጠገቤ ሲያልፉ አይቻለሁ። ያ ግን ከተማው ውስጥ ነው። ሲመሽ ከጋራው ውረዱ።

ደን ፍለጋ ከሆነ የመጣችሁት ግን ሐኪም ጋራ አያረካችሁም። ቁጥቋጦ፣ ጫትና የተራቆተ ድንጋይ ነው ያለው።

ዳካታ፦ ልጆች ይዞ ለሚሄድ

ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ባቢሌ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ባቢሌን አልፎ ትንሽ ሲኬድ ዳካታ ሸለቆ ይጀምራል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚታይበት ቦታ ነው። ከአውቶብስ የማያንስ ቋጥኝ ምጣድ በምታክል ነጥብ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ልጆች ይኼን ሲያዩ ዝም ይላሉ። የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቷ ሳለ ከመኪናው ወርዳ፣ «ማን ነው ያስቀመጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ያኔ አላወቅኩትም ነበር።

አሁን አውቀዋለሁ። ማንም አላስቀመጠውም፤ የተወሰደው ዙሪያው ነው። ግራናይት ከመሬት በታች ሳለ ቁመቱንም ወርዱንም ይሰነጠቃል። የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ይገባና ጠርዙን ያበሰብሳል። ጠርዝ ከመሃል ቀድሞ ስለሚበሰብስ አራት ማዕዘን የነበረው ድንጋይ ይከበባል። ከዚያ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ የበሰበሰውን አፈር ጎርፍ ጠርጎ ሲወስደው፣ ጠንካራው እምብርት በነበረበት ይቀራል። ከታች ያለው ነጥብ ገና ያልተበላው ነው።

እጃችሁን በቋጥኙና በመቀመጫው መካከል ስደዱ። እኔ ሁሌ አደርገዋለሁ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ውጪው የሚያቃጥል ሆኖ ሳለ። ጣታችሁ ላይ ጠጠር ይቀርላችኋል፤ እንደ ደቃቅ አሞሌ ጨው ያለ፣ ነጭና ሮዝ፣ መሃሉ ላይ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቅንጣት ያለበት። ድንጋዩ አሁንም እየተበላ ነው ማለት ነው። እናንተ በቆማችሁበት ሰዓት።

ለዚህ ነው ስም የሚጽፉትን ሰዎች ይቅር የማልለው። በቀለም፣ በሚስማር፣ በከሰል። አንዳንዱ ቋጥኝ ላይ ስምና ቀን ተደርድሯል። በልጃችሁ እጅ ላይ ጠመኔ ካያችሁ ተቀበሉት። በቋጥኝ ላይ ወጥቶ መዝለልንም ተዉት። ሺህ ዓመት ቆሟል ማለት ነገ አይወድቅም ማለት አይደለም።

ዳካታ የሚታየው በሁለት ጊዜ ነው፤ ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት፣ ከዚያ ከ10 በኋላ። ፀሐይ ዝቅ ስትል የድንጋዩ ጥላ ይረዝማል፣ ቀለሙም ቀይ ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ነው፤ ጥላ ለመቀመጫም አታገኙም። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ። ሰኞ ወይም ሐሙስ ከሄዳችሁ የባቢሌን የግመል ገበያ ጨምሩበት። ሲመለሱ ለውዝ መግዛት የግድ ነው፤ ባቢሌ ለውዝ ሳይገዛ ያለፈ ሰው አላውቅም።

ስለ ዝሆኖቹ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1970 ነው የተቋቋመው፤ ስፋቱ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዝሆኖቹ ከኤረር ወደ ጎበሌ ሸለቆ፣ ከዚያም ወደ ዳካታ ወገን እንደ ውሃውና እንደ ቅጠሉ ይዞራሉ። ጥቅጥቅ ባለ እሾህና ቁልቋል ውስጥ ነው የሚውሉት። ዳካታን ለማየት በመጣችሁበት ቀን ዝሆንንም አያለሁ ብላችሁ አትደምሩ። ይኼ ሌላ ጉዞ ነው፤ ከመጠለያው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ፣ ከስካውት (ከመጠለያው ጠባቂ) ጋር፣ በሌሊት ተነስቶ፣ በእግር። የሰው ሰፈራ መኖሪያቸውን ስላጠበበው ዝሆኖቹ ሰው ይሸሻሉ፤ ሲጠጉባቸው ደግሞ ይቆጣሉ። ያላየ ሰው ቅር እንዳይለው።

ዋሻ የሚወድ

ሁለት አሉ፤ ሁለቱም ለሁሉም አይደሉም። ፖርክ ኤፒክ ከድሬ በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከደቻቱ ሸለቆ ከፍ ብሎ በተራራው ጎን ላይ ይገኛል። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳውያኑ ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ አገኙት። ውስጡ ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ቁራጭ ተለቅሟል፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ገደማ። ከ40,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች እየፈጩ ለቀለም ይጠቀሙበት ነበር። አቦ፣ እኔ እዚያ አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ ደቻቱን ቁልቁል ሳይ ይኼንን ወንዝ ስንት ሰው ከዚህች ቦታ አይቶት ይሆን እላለሁ። መውጫው አቀበት ነው፣ ጠጠሩ ያንሸራትታል። በማለዳ ብቻ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ድንጋዩ ራሱ ይጋግራችኋል።

ለገ ኦዳ ከድሬ በስተደቡብ ምዕራብ 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የምታዩት የጥንት ሰው በዓለት ላይ የሳላቸውን ከብቶች ነው። ዕይታ ሳይሆን ሥዕል ለሚወድ ሰው ነው። ቀለሙ ደምቆ እንዲታይ ውሃ የሚረጭ ሰው አይቻለሁ። ውሃው ቀለሙን ያጥበዋል። እለምናችኋለሁ፣ አስጎብኛችሁ እንኳ ልርጭ ቢል እምቢ በሉ። ለሁለቱም አስቀድማችሁ ከከተማው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቁ።

ኩንዱዶ ወይስ ጋራ ሙለታ? ቀኑን ሙሉ የሚሄድ

እውነተኛ ተራራ የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ሁለቱ መምረጥ አለበት። ሁለቱንም ወጥቻለሁ።

ኩንዱዶ ከሐረር በስተሰሜን ምስራቅ ነው። አምባ ነው፤ ጎኑ ገደል፣ አናቱ ሜዳ። ቁመቱ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። አጠገቡ ኤጀርሳ ጎሮ ናት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. የተወለዱባት። ኩንዱዶን ልዩ የሚያደርገው አናቱ ላይ ያሉት ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ናቸው። ቁጥራቸው በጣም ትንሽ ነው። እኔ በሄድኩበት ቀን ሦስት አየሁ። ከእኛ መቶ እርምጃ ያህል ርቀው ቆሙ፣ አንዷ ጆሮዋን አቅንታ አየችን፣ ከዚያ ጉሙ መጣና ሸፈናቸው። ጉሙ ሲገለጥ አልነበሩም። የመራን ሽማግሌ፣ «በቃ ልጄ፣ አትከተላቸው፤ ያላቸው ይቺው ሣር ናት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፈረስ ለማየት መሮጥ፣ ውሻ ይዞ መውጣት፣ ድሮን ማስነሳት ይቅር።

ጋራ ሙለታ ሌላ ነው። ከሐረር በስተምዕራብ፣ በግራዋ በኩል ነው የሚወጣው። ደን የሚባለው ነገር እዚህ አለ። ጥዱ ከገባችሁ በኋላ ብርሃኑ ይለወጣል፤ ድምፅም። ታች ያለው የማሽላና የጫት እርከን እየቀረ ይሄዳል፣ ከእግራችሁ ሥር የረጠበ አፈር ይሸታል። ልጅ ኢያሱ ከፍቼ አምልጠው ከተያዙ በኋላ የታሰሩት እዚሁ ነው፤ ቦታውን ያየ ሰው ለምን እዚህ እንደተመረጠ አይጠይቅም። ከላይ ሲታይ ደጋው ሁሉ እንደ ሞገድ ይሄዳል። ግን ለዕይታው ብሎ የሚሄድ ሰው ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል፤ ብዙ ቀን ጉም ነው። ለዛፎቹ ብሎ የሚሄድ ሰው ምንጊዜም ያገኛል።

ስለዚህ፦ ሰማይና ሜዳ የሚወድ፣ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ የሚፈልግ ኩንዱዶ። ጥላና ዛፍ የሚወድ፣ ግራዋ ማደር የሚችል ጋራ ሙለታ። እኔን ካላችሁኝ ጋራ ሙለታ። ደናችን እያነሰ ነው፤ ልጆቻችን ጥድ ምን እንደሚመስል ሳያውቁ እንዳያድጉ።

ለሁለቱም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ይሻላል። ሰማዩ ታጥቧል፣ መንገዱ ደርቋል፣ አረንጓዴው ገና አልጠፋም።  ከሄዳችሁበት ወረዳ አስተዳደር ሳትጠይቁ አትውጡ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መሪም ከዚያው ሰፈር ያዙ፣ ዋጋውንም ከመነሳታችሁ በፊት ቁርጥ አድርጉ። ሹራብ ያዙ። ከድሬ በቲሸርት ወጥቶ ጋራ ሙለታ ላይ ሲንቀጠቀጥ ያደረ ጓደኛ አለኝ፤ የኔን ጋቢ ለሁለት ተካፍለን ነው ያነጋነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ማታ ግራዋ ለሚያውቃችሁ ሰው ደውሉ። ተራራው ታየ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ቀን ጉም እንደለበሰ ነው ካሏችሁ ደኑን ለማየት ሂዱ፣ ካሜራውን ግን ቤት አስቀምጡት። ዕይታውን ነበር የፈለጋችሁት ከሆነ ሰዓታችሁን ለ11 ሌሊት ሙሉና ሐኪም ጋራ ውጡ።